ሳልበላ የወፈርኩበት ጾም

ያን ዓመት ጾማችንና ረመዳን ገጠሙ። እኔ ሁዳዴን ይዣለሁ፣ ማዳም ረመዳንን። በሰው አገር፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ካለው ቤቷ እየኖርኩ የምሠራ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ልጆቿ ድክድክ ሲሉ ገብቼ፣ ዛሬ ጺም አውጥተዋል። እሷም ከኔ አማርኛ ለምዳለች። ታዲያ ሁለታችንም ጾምን፤ እሷ ከሳች፣ እኔ ወፈርኩ።

ጉድ ነው መቼም! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል በአፌ አይዞርም፤ ከዚያም በኋላ ያቺው ሽሮ ናት። ፊቴ ግን አበጠ፣ ቀለበቴ ከጣቴ አልወልቅ አለ። የወር አበባዬ ቀረ። ስቀመጥ እንቅልፍ፣ ስነሳ እንቅልፍ። ብርዱስ! ሰው ቬንቲላተር ሲያበራ እኔ ሹራብ ደርቤ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንድ ባልዲ ውኃ ካነሳሁ በኋላ ግድግዳ ይዤ ካልቆምኩ አይሆንልኝም።

ዓርብ ዓርብ እረፍቴ ነው። እንደኔው ሰው ቤት ከሚሠሩ ያገሬ ልጆች ጋር ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን እዚያ እንውላለን። እነሱ «ጾሙ ነው የጎዳሽ፣ እግዜር ያውቅልሻል፣ ፍቺው» አሉኝ። ማዳም ግን ሌላ ጠረጠረች። «በጾም የሚወፍር ሰው አይቼ አላውቅም። አርግዘሻል» አለችኝ። በዚህ ሥራ ያረገዘች ሴት መጨረሻዋ ይታወቃል፤ ሻንጣዋን ይዛ ውልቅ ነው። ብምል ብገዘት አላመነችኝም። «ሐኪም አርግዛለች ካለ ዛሬውኑ ትወጫለሽ» ብላ ክሊኒክ ወሰደችኝ፣ ደም ተቀዳሁ።

ለውጤቱ ስንመለስ ሐኪሟ የዚሁ አገር ሰው፣ አዲስ አበባ የተማረች ኖራለች፤ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። ምራቅሽን ዋጪ ብላ አንገቴን ዳበሰች።

«እርግዝና የለም» አለች፣ ለኔ በአማርኛ፣ ለማዳም በፈረንሳይኛ። «አንገትሽ ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች። ከሷ የሚወጣው ሆርሞን በደም እየዞረ፣ ሰውነት ምን ያህል ሙቀት ያመንጭ፣ ምግብን በምን ፍጥነት ያቃጥል፣ ልብ እንዴት ይምታ የሚለውን ልክ ያስይዛል። ያንቺዋ ደክማለች። ለዚህ ነው የሚበርድሽ፣ የሚጫጫንሽ፣ ሳትበይም የምትወፍሪው።»

«እንዴት አወቃችሁ?» አልኳት።

«ሆርሞኑ ሲያንስ አንጎል ሥር ያለች ሌላ ዕጢ ‹ሥሪ!› የሚል ትእዛዝ ትልካለች፤ ትእዛዙም ራሱ ሆርሞን ነው። ሲበቃ ትቀንሳለች። ያንቺዋ አልሠራ ስላለች ትእዛዙ ደምሽ ውስጥ በዝቶ አገኘነው።»

ሳቄ መጣ። ደሜ ውስጥም ማዳም አለች ማለት ነው አልኩ በልቤ፤ ያቺ ትጮኻለች፣ ይቺ ምስኪን አልችል ብላለች።

ሐኪሟ ክኒን አዘዘችልኝ። የጎደለው ሆርሞን ራሱ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ። ለውጡ ግን ሳምንታት እንደሚፈጅ ነገረችን።

መኪና ውስጥ ገብተን ማዳም ሞተሩን ሳታስነሳ ቀረች።

«ሳምንታት...» አለች። «አይ፣ ሌላ ሰው ብፈልግ ይሻለኛል።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው። ተናደድኩ፤ ለመጮህ እንኳ አቅም የለኝም እንጂ።

«ማዳም፣ ባረግዝም ታስወጪኛለሽ፣ ባላረግዝም ታስወጪኛለሽ። ታዲያ ደሜን ምን አስቀዳሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ቤቴ ውስጥ ብትሞቺስ?» አለች። «ሬሳሽን ለማን እሰጣለሁ?»

ፈርታ ነው ለካ! እኔ ስንፍናዬ ያስመረራት መስሎኝ ስቃጠል ከርሜያለሁ። ለማን እንደምትሰጠኝ አሰብኩ። እናት አባቴ የሉም። ያለኝ አንድ ወንድም በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ እሻገራለሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ደከመኝ።

«እኔ እንጃ፣ ማዳም» አልኳት። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ሞተሩን አስነሳች። ቀና ብላም አላየችኝ።

«እንግዲያው ክኒንሽን በሰዓቱ ዋጪ» አለችና ወደ ቤት ነዳች።