የመኳንንት ስምንት ዓመት

መኳንንት ሩጫውን የሚጀምረው ከሩቅ ነው። ሃያ ሁለት እርምጃ ይቆጥራል፣ በጫማው ሹል ሚስማር ሣሩን ጫር አድርጎ ምልክት ያኖራል፣ ቀይዋን ኳስ ሱሪው ላይ እያሸ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ይነሣል። መጀመሪያ እንደ ተራ መንገደኛ፣ ቀጥሎ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው፣ በመጨረሻ በር ሊሰብር እንደሚመጣ ጎርፍ። ክንዱን ሳያጥፍ ከራሱ በላይ አሽከርክሮ ይለቃታል። ኳሷ መሬት ነጥራ፣ ዱላ የያዘውን ሰው አልፋ፣ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች ስትበትን፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ፣ ራይሊ ፓርክ ውስጥ ጃማይካዊው፣ ፑንጃቢው፣ ጉያናዊው እየጮኹ ይከቡታል። "ማክ" ይሉታል። ስሙን ሙሉውን የሚጠራው አንድም የለም።

ወደ ምልክቱ ሲመለስ በአፍንጫው የሚያንጎራጉራት የራሱ ግጥም ነበረችው፦

ከሩቅ ተንደርድሬ መጣሁኝ ከደጅሽ፣
ማን ነህ የሚል ጠፋ ሲጣራ ወዳጅሽ።

ለማን እንደገጠማት ቢጠየቅ አያውቀውም። ምናልባት ለዚያች ሜዳ፣ ምናልባት ለከተማዋ።

የአገሩ ልጆች እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኳስ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ኳስ ማለት ለነሱ በእግር የሚመታው ነው። የአምስት ሰው እንጨት በተከታታይ በትኖ ከሜዳ ባሰናበተበት ቀን፣ ደስታው ደረቱ ውስጥ አልቀመጥ ቢለው፣ ኤርፖርት አብሮት ሻንጣ ለሚጭነው ለኑሩ ሊነግረው ሞከረ። ኑሩ ጆሮውን ሰጥቶ ሰማውና፣ ያ ቀኑን ሙሉ ነጭ ለብሰው ቆመው መሐል ላይ ሻይ የሚጠጡበት ጨዋታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። አዎ አለ መኳንንት። ታዲያ አንተ የሮጥከው ሻዩ ሊበርድ ሆኖ ነው? ብሎ ሳቀበት። መኳንንትም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላወራም።

ክሪኬት የሚሉትን ይህን ጨዋታ የተማረው ናይሮቢ ነው። በስደት ሳለ አንድ ክለብ ሜዳ ላይ ሣር ያጭድ ነበር። ማታ ማታ አባላቱ ሲለማመዱ ኳስ የሚወረውርላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ እሱ ረጅም ነው፣ ክንዱም አይደክምም። ሜዳውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ኦቲየኖ ነጭ መሐረባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው፣ እሷን እስክትመታ ቤትህ አትገባም ይሉት ነበር። ሁለት ዓመት መሐረብ መታ። እውነተኛ ግጥሚያ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ አላሰለፉትም፤ ሣር አጫጅ ነዋ። ቅዳሜ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

ካልጋሪ ከመጣ በኋላ ነው ሰው የሆነው። የክለቡ አምበል ፐርሳውድ፣ ጉያና የተወለደ የአውቶቡስ ሾፌር፣ አንድ ቀን ሲወረውር አይቶት ቀልቡን ስቶ ቀረ። በፈረንጅ 1991 እና 1992 ለካናዳ ተመርጦ ቶሮንቶ ላይ ከአሜሪካኖች ጋር ተጫወተ። ደረቱ ላይ የሜፕል ቅጠል ያለበትን ሹራብ ካስልሪጅ ሰፈር በተከራየባት፣ ቤዝመንት በሚሏት ምድር ቤት፣ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ነበር። ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከሹራቡ በቀር "መጣህ?" የሚለው አልነበረም።

በ1993፣ በካናዳ በጋ፣ ወሬው መጣ። በመጪው ፌብሩዋሪ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሊደረግ ነው፤ የሚደረገውም ናይሮቢ። መኳንንት ይህን የሰማ ቀን ሁለት ፌርማታ አልፎ ወረደ። ያንን አጥር፣ ያንን ሣር አሰበ። ከአጥሩ ሥር ሳይሆን ከሜዳው መሐል ሲነሣ፣ ኦቲየኖ መሐረባቸውን ይዘው ቆመው ሲያዩት አሰበ። በዚህ ምድር ላይ ሙሉ ስሙንም ውርወራውንም አብሮ የሚያውቅለት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ኦገስት ላይ ተፈተነ፣ ከሁሉም ፈጥኖ ወረወረ። በሳምንቱ ፐርሳውድ ደወለለት። መራጮቹ ወደውታል፤ ግን ዝርዝሩ ላይ ዕድሜውን አይተው ደንግጠዋል። ለፈጣን ወርዋሪ ሠላሳ አራት ዓመት ማለት ማምሻው ነው፤ ጉልበቱ መቼ እንደሚከዳው አይታወቅም።

"ማክ፣ እውነት ሠላሳ አራት ነህ?"

መኳንንት ሳቀ። ናይሮቢ የስደተኛ ፎርም ሲሞላ የልደት ዓመት ቢሉት 1959 ብሎ በሚያውቀው በአገሩ አቆጣጠር ጻፈ። ጸሐፊዋም ከዓመቱ በፊት ጃንዋሪ አንድን ጨመረችበት። በፈረንጅ 1967 መሆን ነበረበት። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ፐርሳውድ ነገሩ ሲገባው እስኪያስለው ሳቀና፣ ማስረጃ አምጣ፣ ፓስፖርትህን አስተካክል፣ ማስረጃው ከፓስፖርትህ ጋር ከተስማማ ሌላውን ለኔ ተወው አለው። መኳንንት በዚያው ቀን ደሴ ላለችው እህቱ ለፈትለወርቅ ደብዳቤ ጻፈ፦ ከቤተ ክርስቲያን የክርስትና ወረቀቴን አውጥተሽ ላኪልኝ።

እሁድ ደግሞ ፓይንሪጅ ሰፈር ጋሼ አምላኩ ዘንድ ሄደ። የአበሻውን ፎርም ሁሉ የሚሞሉት፣ ወረቀት የሚተረጉሙት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ የልደት ዓመቴን ላስተካክል ብዬ ነበር" አላቸው።

"አንተ ብቻ መሰልህ? እኔም እኮ በወረቀቱ ስልሳ አምስት ልሞላ ነው። ተወው ልጄ፣ ጡረታን ስምንት ዓመት ቀድሞ መውጣት ማን አግኝቶት።"

የምሩን መሆኑን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። "የፈትለን ፋይል በአንተ ስም አይደል እንዴ ያስገባነው?"

ነበር። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ ልጅቷ ከአክስት ቤት አክስት ቤት ስትዞር ኖራለች። ወላጅ የሌላት እህት በወንድሟ ስም ካናዳ ልትመጣ የምትችለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ነው። የሷን ልደት ጋሼ አምላኩ ራሳቸው አስልተው በትክክል ጽፈውታል፤ ማርች ላይ ትሞላለች።

"ዛሬ ሄደህ የሰጠኋችሁ ልደት ስህተት ነበር ብትላቸው፣ ያንተን ሲመረምሩ የሷም ይቆማል። ቢመለስና እንደገና ቢጀመር ማርች አለፈ። እኔ እንጃ፣ ላይነኩትም ይችላሉ። አንተ ግን በሷ ትሞክረዋለህ?"

መኳንንት ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። አውቶቡሱን ትቶ እስከ ካስልሪጅ በእግሩ ሄደ። ክንዱ ሳያስበው ይወዛወዝ ነበር፣ ኳስ የያዘ ይመስል።

ሐሙስ ቀን ከመራጮቹ አንዱ ራሱ ደወለ። ጨዋ ሰው ነበር። ፐርሳውድ ስለ አንድ የወረቀት ስህተት ነግሮኛል፤ ለመዝገቡ ያህል ዕድሜህን ከአንተ አፍ ልስማ አለው። መኳንንት ሚስማር ላይ ያለውን ሹራብ አየ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠው።

"ሠላሳ አራት" አለ።

ሰውዬው ለአገሩ ስላደረገው ሁሉ አመሰገነውና ስልኩን ዘጋ። ፐርሳውድ ለሁለት ሳምንት አኮረፈው። መኳንንትም ምክንያቱን አልነገረውም፤ የእህትን ነገር በእንግሊዝኛ ከየት ይጀምሩታል?

ፌብሩዋሪ ላይ፣ ትንፋሽ ከአፍ ሳይወጣ በሚረጋበት ብርድ፣ ተጫዋቾቹን የያዘው የቶሮንቶ በረራ ሻንጣ የሚጫነው በሱ ሺፍት ነበር። ረጃጅሞቹን የዱላ ቦርሳዎች ሳይከፍታቸው በክብደታቸው አወቃቸው። ኑሩ ሊያነሣለት ሲል ተው እኔ እጭነዋለሁ አለው፣ አንድ በአንድም አስገባቸው። ጠዋት መግቢያው ላይ ከቡድኑ ጋር ናይሮቢ ለሚሄደው ለፐርሳውድ አዲስ ነጭ መሐረብ ሰጥቶት ነበር፤ ሜዳውን የሚጠብቁ ኦቲየኖ የሚባሉ ሽማግሌ ካሉ አድርስልኝ ብሎ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጆሮ መሸፈኛውን አውልቆ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማው።

ፐርሳውድ በማርች መጀመሪያ መሐረቡን እንደታጠፈ ይዞት ተመለሰ። በዚያ ስም የሚያውቁት ሰው የለም አሉኝ አለ።

ፈትለወርቅ የመጣችው ልደቷ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ትቷት ሲሄድ የጎረቤት ዶሮ የምታባርር ልጅ ነበረች፤ አሁን ትከሻው ድረስ ደርሳለች። ቤዝመንቷ ውስጥ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ ሹራቡን፣ ሹል ሚስማር ያለውን ጫማ አንድ በአንድ አየች። ምን እንደሆኑ አልጠየቀችም። ከቦርሳዋ ቡናማ ፖስታ አወጣች።

"ያልከኝን አምጥቼልሃለሁ። በፖስታ ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። መዝገቡን ሲፈልጉ ቄሱ ሦስት ወር አመላለሱኝ።"

የደብሩ ማኅተም አለበት። ሐምሌ 1959 ዓመተ ምሕረት ይላል፣ በጥሩ የቁም ጽሕፈት። መኳንንት ቀስ ብሎ አነበበውና ጉልበቱ ላይ አኖረው።

"ለምን ነበር የፈለግከው?"

"ልደቴን ልናከብር ነዋ።"

"ገና ለገና ሐምሌ ሊመጣ?" ብላ ሳቀችበት። "ሃያ ስድስት ነህ። በሐምሌ ሃያ ሰባት ትሞላለህ።"

በጣቷ እንኳ አልቆጠረችም። እሱ ወረቀቱን አጥፎ ፖስታው ውስጥ መለሰ፣ ፖስታውን ደግሞ የመጫወቻ ጫማው ውስጥ ከተተው።

"እስቲ ደግመሽ በይው" አላት።