ሁለት ወር በእትዬ ከድጃ ድስት

ይህን ለባሌ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ብነግራቸው ማተቤን በመፍታቴ ስግደት ያዝዙኝና ነገሩ እዚያው ያልቃል። የኔ በደል ግን ማተቡ ላይ አይደለም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው። ጆሮ ስጡኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከዋጃ ወዲህ ያለን ገበሬዎች ነን። ልጄ ለምለም ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ማሽላ ስትጠብቅ እባብ እግሯን ነደፋት። ነፍሷ ተረፈች፤ እግሯ ግን መግል ያዘ። ቆቦ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ አየና፣ "ሁለት ወር በየቀኑ ካልታጠበ ይህ እግር ይቆረጣል" አለኝ። የሚያስተኙበት አልጋ የላቸውም። ከመንደር በየቀኑ መመላለስ አይቻልም፤ ባሌም አጨዳ ላይ ነው። ለሁለት ወር የሚከራይ ቤት ፍለጋ ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

በረንዳ ላይ እያደርን ከአንድ ደላላ ጋር ሦስት ቀን ዞርኩ። ለሁለት ወር ብሎ ቤት የሚሰጥ የለም፤ ቁስሉም ይሸታል። አንዷ፣ ማተቧ እንደኔው አንገቷ ላይ ያለ ሴት፣ "ለሁለት ወር የሚመጣማ ተከራይ አይባልም፣ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ዘመዱ ዘንድ ይደር" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ዘመድ ቢኖረኝ እሷ በር ላይ ምን አቆመኝ?

በሦስተኛው ቀን ደላላውም ሰለቸኝ አለ። "እናቴ፣ አንድ ክፍል ቀርቷል፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ነው። ሴትዮዋ ግን ከእስላም በቀር አያስገቡም። አንቺ ደግሞ አንገትሽን በገመድ ታስረሻል" ብሎ ሳቀ። ገመድ የሚለው ማተቤን ነው። እኔ አልሳቅሁም። አጥር ጥግ ቆሜ ማተቤን ፈታሁ። የልጄንም ፈታሁ። "ስለዚህ ነገር እንዳትተነፍሺ" አልኳት።

የክፍሉ ባለቤት እትዬ ከድጃ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። "ክርስቲያን ጠልቼ እንዳይመስልሽ፤ ግራ ቀኜ ክርስቲያን ነው። ማድ ቤቱ አንድ፣ ድስቱም አንድ ስለሆነ ነው" አሉኝ። ስሜን ጠየቁኝ። "ዘሀራ እንድሪስ" አልኩ። እንድሪስ በእውነት አያቴ ነው፤ እኛ ራያዎች ዘንድ ክርስቲያኑም እንድሪስ ይባላል። ዘሀራ የምትባል ግን የለችም። "ግቢ ልጄ፣ የማይሸት ቁስል የት አለ?" ብለው ልጄን ከጀርባዬ ተቀበሉኝ።

ዋሸሁ። በዚህ አላፍርም። የልጄ እግር ነው።

ሳልሰግድ ሲያዩኝ፣ መግል ልብሴን እየነካው ነው አልኳቸው። "አላህ ልብሽን ያያል" አሉኝ። እኔም የፈራሁት እሱኑ ነበር።

ሐኪሙ የሥጋ መረቅ ስጫት አለ። እትዬ ከድጃ ጨረቃ የተሳለበትን ልኳንዳ አሳዩኝ። እኔ እሱን አልፌ መስቀል ከተሳለበት ገዛሁ። ለምን? ልጄ የእስላም ሥጋ እንዳትበላብኝ ነዋ! ማተብ የፈታሁ፣ ስም የለወጥሁ ሴት፣ እዚህ ላይ ሃይማኖተኛ ሆንኩ። ሥጋውን በነጠላዬ ሸፍኜ አመጣሁና በእሳቸው ድስት ቀቀልኩት።

አንድ ቀትር ላይ ለምለም ስትበላ እትዬ ከድጃ ከገበያ ገቡ። ውሃ ልቀዳ በወረድኩ ቁጥር ልጄን ጤና ጣቢያ አዝለው ወስደው ቁስሏን የሚያሳጥቡ እሳቸው ነበሩና ትወዳቸዋለች። ለምለም ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ዘረጋችላቸው።

"እማማ፣ አንድ ብቻ!"

"ሥጋ የታዘዘው ላንቺ ነው። እኔን የትኛው እባብ ነደፈኝ?"

"ካልጎረሱ እኔም አልበላም።"

ሳቁ። "ቢስሚላህ" ብለው ጎረሱ።

እኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። "ተይ" ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። ካልኩ ቤቱ ይሄዳል፤ ቁስሉ ገና አልገጠመም። አኝከው እስኪውጡ ድረስ ዝም ብዬ አየኋቸው። "እጅሽ ይባረክ ዘሀራ" አሉኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንኳ ጨረቃ ካለበት ልኳንዳ ልገዛ እችል ነበር። ማን ከለከለኝ? አልገዛሁም። ልጄም ሳታጎርሳቸው መብላት ትታ ነበር። የራሴን ልጅ አፍ ጠበቅሁ፤ ያስጠጉኝን ሴት አፍ አረከስሁ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ረሃብ አላደረገውም፣ ደላላውም አላደረገውም።

እግሯ ዳነ፤ እውነቱን ሳልናገር አመስግኜ ወጣሁ። ከዓመታት በኋላ ዋጃ ገበያ ላይ በመልኬ የሚያውቀኝ ጎረቤታቸውን ላኩብኝ። ልጆቻቸው ለሐጅ ሊልኳቸው ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚነሣው። አንገቴን በሻሽ ሸፍኜ ሄድኩ። እጄን ይዘው፣ "ዘሀራ፣ ያኔ ልጅሽ ስታለቅስ አንድ ቀን ተቆጥቻታለሁ። አውፍ በይኝ" አሉ።

"አውፍ ብያለሁ" አልኩ። እኔ! ይቅር ባይዋ እኔ ሆንኩ! እጄን ሳይለቁ ጠበቁኝ፤ እንደ ወጉ እኔም አውፍ በሉኝ እስክል ነበር። አልጠየቅሁም። መንገዳቸውን እንዳላበላሽ ብዬ ነው አልልም። ፈርቼ ነው።

ለምለም ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ በእግሯ ዋጃ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች። አምላኬ ይመስገን። እትዬ ከድጃም ይመስገኑ። ቤት ለማግኘት የዋሸሁትን ዛሬም ልጄን አዝዬ ብቆም እደግመዋለሁ፤ የሚከሰኝ ካለ መጀመሪያ ቤት ይስጥ። ስለ ጉርሻው ግን ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የጎረሳችሁት እናንተ አይደላችሁም። እሳቸው በሕይወት አሉ፤ ቤታቸውንም አውቀዋለሁ።