ጋሽ መስመርና ሰማያዊው ኬብል

ሰማያዊውን ኬብል የሰካሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ካልተናገርኩት የጋሽ መስመርን ነገር ብጀምረውም አልጨርሰውም።

ጋሽ መስመር የሆስፒታላችን የኔትወርክ ሠራተኛ ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከሰው ኃይል ክፍል በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ» ካላቸው፣ ኮምፒውተሩን ዞር ብለው ሳያዩ «መጀመሪያ መስመሩን እንይ» ይላሉ። ስሙ የወጣላቸው ከዚያ ነው። ደግሞ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ልክ ናቸው። ወይ አንዱ ዶክተር ወንበሩን ሲጎትት ኬብሉን ጨፍልቆታል፣ ወይ አይጥ ቀምሶታል፣ ወይ ወለል ሲወለወል ተነቅሏል።

እኔ የምሠራው ካርድ ክፍል ነው። ከወንበሬ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ የብረት ሳጥን ተሰቅሏል፤ ውስጡ ሃያ አራት ቀዳዳ ያለው ስዊች አለ። የላቦራቶሪው፣ የመድኃኒት ክፍሉ፣ የኛም ኬብል ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው። የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ ተነሥቶ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው በዚች የጫማ ካርቶን በማታክል ዕቃ በኩል ነው ቢባል ማን ያምናል? ጋሼ እያንዳንዱን ኬብል በቁስል ፕላስተር ጠቅልለው በእስክርቢቶ ጽፈውበታል፦ «ላብ 2»፣ «መድኃኒት መስኮት»፣ «እሜቴ»። እሜቴ እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ማንም ዕቃውን እንዲያስቀምጥ ስለማልፈቅድ እንዲህ ብለው ሲቀልዱብኝ በዚያው ጸና። የሳጥኑ በር ላይ ደግሞ በትልቁ «ሳይጠይቁ አይንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፈዋል። ለዚያ ወረቀት ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀምጫለሁ።

የዓይናቸውን ነገር ያወቅኩት ኬብል ሲሠሩ ነው። ኬብሉ ሲላጥ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ባለቀለም ሽቦዎች አሉ፤ በቀለማቸው ተራ ተደርድረው ፕላስቲኩ ጫፍ ውስጥ ይገቡና በፒንሳ ይጨመቃሉ። አንዷ ቦታዋን ከሳተች ኬብሉ አይሠራም። አንድ ቀን ሽቦዎቹን በጣታቸው እንደ ማራገቢያ ዘርግተው መስኮቱ አጠገብ ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙና፣ «እሜቴ፣ እስቲ ነይማ። ይቺ አረንጓዴ ናት ቡኒ?»

«ቡኒ ናት።»

«አዎ፣ እኔም ቡኒ ናት ብያለሁ» አሉ። አላሉም።

ከዚያ ወዲህ የቀለም አንባቢያቸው ሆንኩ። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ በሩን ገርበብ እናደርጋለን፤ እሳቸው ይደረድራሉ፣ እኔ ከግራ ወደ ቀኝ እጠራለሁ። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ... ጨምቀው ሲጨርሱ ስዊቹ ላይ ይሰኩና ቀና ሳይሉ «በራ?» ይሉኛል። ከቀዳዳው በላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ካለች «በራ» እላለሁ። ከዚያ ዕቃቸውን ሰብስበው መሄድ ነው። አንድም ቀን ጎንበስ ብለው አላረጋገጡም፤ እኔ በራ ካልኩ በራ ነው።

ሐኪም ዘንድ ይሂዱ ብዬ ስጨቀጭቃቸው «ሐኪሞቹ እዚሁ አይደሉ እንዴ? አንዱ አየኝ ማለት ሁሉም አወቀ ማለት ነው» ይሉኛል። ጡረታቸው ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶታል። በገዛ እጃቸው የዘረጉትን መስመር ለተተኪያቸው አስረክበው፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ሰው ጋር ተሰነባብተው መውጣት ነው የሚፈልጉት። ሌላ ምኞት ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ዋሸኋቸው። እኔ በሌለሁበት ብቻቸውን የሠሩትን አጭር ኬብል ለመድኃኒት ክፍል ሰኩና «በራ?» አሉኝ። አልበራም። ፊታቸውን ሳየው ግን ምላሴ እምቢ አለኝ። «በራ» አልኩ። እንደወጡ እኛ ክፍል ካለው የዕቃ መሳቢያቸው ከፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ የታሸገ ኬብል አውጥቼ ቀየርኩት። ከሳምንት በኋላ ፕላስተር የሌለበትን ኬብል ሲያዩት ፕላስተር ጠቅልለው ስሙን ጻፉበት። አልነቁብኝም ብዬ ደስ አለኝ።

ያቺ ሰኞ መጣች። ለሁለተኛው መስኮት አዲስ ኮምፒውተር ሊገባ ስለነበር ጋሼ ጠዋት መጥተው የረጅሙን ሰማያዊ ኬብል አንድ ጫፍ ስዊቹ ላይ ሰኩ። ሌላውን ጫፍ ጠቅልለው ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጡት። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ፤ የመድኃኒት ክፍሉ ፕሪንተር አስቸገረ። «መጣሁ» ብለው የሳጥኑን በር ሳይዘጉ ወጡ።

እኔ አቧራ እየጠረግኩ ነበር። ጥቅሉ ከሳጥኑ አናት ተንሸራተተና የኬብሉ ጫፍ ወርዶ ጆሮዬ ሥር ተንጠለጠለ። ከቦታው የወጣ መሰለኝ። አጠገቡ ባዶ ቀዳዳ አለ። የተንጠለጠለ ነገርና ባዶ ቦታ አብሬ አይቼ ዝም ማለት አልችልም፤ እናቴም በዚህ ጠባዬ ስትረግመኝ ነው ያደግኩት። ሰካሁት። ቀጭ አለ። ሥራ አገዝኳቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

በኋላ እንደገባኝ፣ አንድ ኬብል ሁለቱም ጫፎቹ አንድ ስዊች ላይ ከተሰኩ የወጣው መልእክት ዞሮ ተመልሶ ይገባል። ስዊቹ የራሱን ወሬ እንደ አዲስ እየሰማ፣ የሰማውን መልሶ እያወራ፣ ለሌላው የሚሆን ቦታ ያጣል። ሃያ አራቱም መብራቶች በአንዴ እንደ እብድ ይርገበገቡ ነበር። እኔ ሥራ በዝቶ ነው ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የኔ ኮምፒውተር ደረቀ። ቀጥሎ ላቦራቶሪው፣ መድኃኒት ክፍሉ፣ ሁሉም ቀጥ አለ። የታካሚው ሰልፍ ደጃፉን አልፎ ግቢው ውስጥ ደረሰ። አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለውን ልጇን አቅፋ ከላቦራቶሪ ዶክተር ክፍል፣ ከዶክተር ክፍል ላቦራቶሪ ተመላለሰች። አንዱ «ውጤቱ ተልኳል» ይላታል፣ ሌላው «አልደረሰኝም»። ሦስተኛ ጊዜ ስትመለስ የላቦራቶሪው ልጅ ውጤቱን በእጁ ጽፎ ይዞላት ሮጠ። ሕፃኑ ተርፏል። አሁንም ድረስ ይህን ለራሴ እየደጋገምኩ እነግረዋለሁ።

ጋሼ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ረፈደባቸው። ራውተሩን አጥፍተው አበሩ፣ ሰርቨሩን አዩ፣ ኬብል ነቀሉ፣ ሰኩ። ከኔ ጀርባ ያለው ሳጥን ጋ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ሰማያዊውን ሲነቅሉ መብራቶቹ ረጋ አሉ። ገመዱን ከጫፉ ጀምረው በጣታቸው ተከተሉት፤ ዞሮ እዚያው ስዊች ላይ ሲያደርሳቸው እጃቸው ቆመ።

«እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለቱንም ጫፍ ሰክቼ ነው የሄድኩት። እሜቴ፣ ዓይኔ እዚህ ደረሰ ማለት ነው?»

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ውሃ ላምጣልዎት?» የሚል ሆነ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ጋሼ ተነሡ። ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስንት ጊዜ እንደደበቁ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ያልተናገሩት እኔ ቀለም እንደማነብላቸው ብቻ ነው፤ እኔን ማዳናቸው ነበር። እኔ ከወንበሬ ጀርባ ያለውን «ሳይጠይቁ አይንኩ» የሚል ወረቀት እያሰብኩ፣ ከሥራ ያባርሩኛል እያልኩ፣ ከሳቸው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አያለሁ። ፈራሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሥራ አስኪያጁ እንኳ አዘነላቸውና ጡረታዎ እስኪደርስ ንብረት ክፍል ይቀመጡ አላቸው። «እጄን ካላመንኩት የትም ብቀመጥ አንድ ነው» ብለው የስንብት ደብዳቤያቸውን ራሳቸው ጻፉ። ዓርብ ፒንሳውን በጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። የትኛውንም ክፍል ሳይሰናበቱ በጓሮ በር ወጡ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገ እነግራቸዋለሁ ስል ከርሜ አንድ እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው በር ላይ ያዘችኝና በሹክሹክታ፣ «ሐኪም አይቶት የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል ብሎታል። እሱ ግን ለምኔ ብሎ እምቢ አለ። አምፑል እንኳ የሚቀይርልን ጎረቤት ነው፤ የነካሁት ይበላሻል ይላል። እባክሽ ንገሪው፤ አንቺን ይሰማሽ ይሆናል» አለችኝ።

ገባሁ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ አቧራውን፣ የተንጠለጠለውን ጫፍ፣ ባዶውን ቀዳዳ፣ ቀጭ ያለውን ድምፅ። «እርስዎ አንዱን ጫፍ ብቻ ነበር የሰኩት። ልክ ነበሩ ጋሼ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

እስክጨርስ ሰሙኝና ፈገግ አሉ። እንዲያውም ሳቁ።

«እግዜር ይስጥሽ፣ እሜቴ። የመድኃኒት ክፍሉንም ኬብል በራ ብለሽኝ ነበር እኮ። አዝነሽልኝ ነው፤ ያኔውኑ አውቄያለሁ። ይሄንንም አዝነሽ ነው።»

«በልጆቼ ሞት! እውነቴን ነው!»

«ተይ፣ በልጆችሽ አትማዪ ለኔ ብለሽ። በስብሰባው ላይ እዚያው ነበርሽ አይደል? እውነት ቢሆን ያን ቀን ትናገሪው ነበር። አንቺን አላውቅሽም?»

እንባዬ መጣ፤ እሱንም ለሳቸው ያለቀስኩ መሰላቸውና «አይዞሽ» አሉኝ።

ልወጣ ስነሣ እግሬ የቤታቸውን ትንሽ ራውተር ሽቦ ጠለፈውና ከሶኬቱ ወጣ። የራውተሩ መብራቶች ጠፉ። ጋሼ ሁለቱንም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። ተንበርክኬ መልሼ ሰካሁት።

«በራ?» አሉኝ።

«በራ።»

ከወንበራቸው ተነሡ። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጎንበስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ራውተሩ አስጠጉና መብራቷን ራሳቸው እስኪያዩዋት ድረስ ቀና አላሉም።