ይቅርታ የማይባባሉ ሴቶች

ቴኔ ቶኤ በቦቦ-ዲዮላሶ ከተማ በሚገኝ የማንጎ ማድረቂያ የቆራጮች ጠረጴዛ አለቃ በነበረችበት ዘመን ሁሉ ሰው አዝዛ አታውቅም። ትሳደብ ነበር እንጂ። እሷ ከሳሞ ሕዝብ ናት፤ ከጠረጴዛው ሴቶች አብዛኞቹ ከሞሲ ናቸው። ሳሞና ሞሲ ከተገናኙ ይሰዳደባሉ። አያቶቻቸው በአንድ የውሻ ጭንቅላት ተጣልተዋል ይባላልና እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን ገረዴ፣ አሽከሬ እያለ ይኖራል። የሚቀየም የለም፤ መቀየም ነውር ነው። ከሁሉ የባሰው ነውር ግን ይቅርታ መጠየቅ ነው። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ዝምድናው ቀርቷል፣ ከእንግዲህ ባዳ ነን ማለቱ ነው።

ከቴኔ ጎን የምትቆመው ፖኮ ዞንጎ ናት፤ ሞሲ፣ አፈ ስለት።

"ፖኮ፣ ይሄ ማንጎ ነው ወይስ የጫማ ሶል?"

"የእመቤትሽን ሥራ የምትተቺው አንቺ ማነሽ? የውሻ ጭንቅላት በልተሽ አፍሽን እንኳ አልተጉመጠመጥሽም።"

"ቀጭን አድርጊው፣ ገረድ። ወፍራሙ ሳይደርቅ ይሻግታል።"

"ቢሻግት ለአንቺ እራት ይሆናል" ትላለች ፖኮ። እጇ ግን ማሳሳት ጀምሯል።

ጠረጴዛው ይስቃል። በዚያ ሳቅ መሃል የማይነገር ጥፋት አልነበረም። ያረፈደችው፣ ቢላዋዋ የደነዘዘው፣ ልጇ ታሞባት ሐሳቧ ቤቷ የቀረው፣ ሁሏም ስሟ ተጠርቶ ትሰደባለች፣ ተሰድባም ትታገዛለች።

ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ሙሴ ኒኪዬማ ይባላል። የአባቱ ስም የሞሲ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን አቢጃን፣ የተማረው ፈረንሳይ። ሠራተኛውን ሰብስቦ "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሁሉም ይከበራል፣ ማንም አይገለልም" አለ። ደግ ንግግር ነው። ግን ማን ተገልሎ ነበር? አንዷን እንኳ አልጠየቀም። በዚያው ሳምንት በጠረጴዛው በኩል ሲያልፍ "ገረዴ" የሚለውን ሰማና ክው አለ። ሴቶቹ ሁሉ "ማዳም" እንዲባባሉ አዘዘ። ቅሬታ ያላት ስሟን ሳትጽፍ የምትከትበት ሳጥን በር ላይ ሰቀለ፤ የሚከፈተው ዓርብ ዓርብ ነው። ከዚያ ቴኔንና ፖኮን ቢሮው ጠራቸው።

"ማዳም ዞንጎ፣ ይህች ሴት ገረድ ስትልዎት ያምዎታል?"

ፖኮ መሬት መሬት አየች። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው፣ እናቷ አልጋ ላይ ናት፣ ሰውየው አዲስ አለቃ ነው።

"ማዳም ቶኤ፣ ይቅርታ ይጠይቋት።"

"አልጠይቃትም።"

"ለምን?"

"ምን አድርጋኝ ነው ዘመድነቷን የምሰርዝባት?"

ነገሩን ልታስረዳው ሞከረች፤ እሱ ግን እልኸኛ ናት ብሎ ደመደመ። የጠረጴዛው አለቃ የምታስረውን ሰማያዊ ሻሽ ከቴኔ ወስዶ ለፖኮ ሰጣት። ከዛሬ በኋላ በሠራተኛ ፊት አንድ ስድብ ከአፏ ቢወጣ፣ ውስጥም ይሁን ውጭ፣ እንደምትባረር ቴኔን አስጠነቀቃት። ቴኔን ያንገበገባት ማስጠንቀቂያው አልነበረም። ፖኮ ሻሹን ዝም ብላ መቀበሏ ነው።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። "ማዳም ዞንጎ፣ ባልዲውን ቢያቀብሉኝ።" "እሺ ማዳም።" አንዷ እንደ ጫማ ሶል እየቆረጠች ነበር፤ ሁሉም አዩ፣ ማንም አልተናገረም። ሌላዋ ጽፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። ዓርብ ሳጥኑ ሲከፈት ማንጎው በየትሪው ሻግቶ ነበር። ሙሴ ኒኪዬማ ሁሉንም አቁሞ ስለ መተማመን ተናገረ። ስለ መተማመን! ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ የከተተ ሰው።

የፖኮ እናት ያረፉት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ፖኮ ከነሽርጧ፣ ከነሰማያዊ ሻሿ ከጠረጴዛው ሮጣ ወጣች። እስላሞች ናቸውና ቀብሩ በዚያው ቀን ነው።

ቴኔ መጀመሪያ አልሄድም አለች። በሆዷ "ሳጥኑ ይቅበርላት" አለች። ሞሲ ሲሞት ሳሞው ሟቹን መስሎ ይቀልዳል፣ ይሳደባል፣ ካልተከፈለውም ሬሳውን አያሳልፍም። ከሄደች ደግሞ ይህን የሳሞ ወግ ሳታደርስ መቆም አትችልም፤ ወጉን ካደረሰች ሥራዋ አበቃ። ግን አሮጊቷ አንድ ቀን አልጋቸው ላይ ሆነው የነገሯት ትዝ አላት። "በሞትኩ ጊዜ በነጻ እንዳታሳልፊኝ፤ የማንም ሬሳ ያስመስለኛል።" ሽርጧን ፈታ ሄደች።

ግቢው በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ሙሴ ኒኪዬማም ከሠራተኞቹ ጋር ቆሟል። ቴኔ ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች፣ የአሮጊቷን ኩታ ለበሰች፣ ከዘራቸውን ይዛ ጎብጣ ወጣች። "ፖኮ! ይህ ሻይ ስኳር የለውም! ልትገድይኝ ነው?" ድምፁ ቁርጥ የሳቸው ነው። ለቀስተኛው ሳቀ። ቃሬዛው ከቤት ሲወጣ በሩ ላይ ተጋደመች።

"ይህች ገረዴ ናት። ሳልፈቅድላት የት ትሄዳለች? ክፈሉ።"

የፖኮ አጎት ሳንቲም ወረወሩላት።

"ይሄ ለውሻ ጭንቅላትም አይበቃም" አለችና ጣቷን ወደ ፖኮ ቀሰረች። "አንቺ ክፈዪ። የእመቤትሽን ሻሽ ሰርቀሽ ያሰርሽው።"

ከማድረቂያው የመጡት ሴቶች ሳቃቸው ጠፋ። ይሄኛው ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ሙሴ ኒኪዬማ ሰው ገፍቶ ወጣ። "ማዳም ቶኤ! ሐዘን ላይ እንኳ?"

"አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉት አጎትየው።

"ኒኪዬማ።"

"እንግዲያማ አንተም አሽከሯ ነህ። ወይ ክፈል፣ ወይ ዝም በል። ሬሳ ቆሟል።"

ወደ ሠራተኞቹ መሃል ተመለሰ። ፖኮ ሻሹን ከራሷ ፈታ ቴኔ ደረት ላይ ጣለችው። እያለቀሰች ትስቃለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እንባዋ ገና አሁን መፍሰሱ ነው። "እንኪ። አልሰረቅኩም፣ ፈርቼ ነው። እናቴን አሳልፊያት።"

ቴኔ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች። ቃሬዛው አለፈ።

ስድቡን የሟች ቤተሰብ ራሱ ስለፈቀደው፣ ሙሴ ኒኪዬማ ቴኔን ለማባረር የፖኮን ክስ ጠበቀ። ፖኮ ሐዘኗን ጨርሳ በተመለሰች ጠዋት ወደ ጠረጴዛው መጣ። ቴኔ ሰማያዊውን ሻሽ አስራለች።

"ማዳም ዞንጎ፣ የዚህ ጠረጴዛ ኃላፊ እርስዎ ነዎት። የደረሰብዎትን ይንገሩኝ፤ ሻሹንም ያስመልሱ።"

"በሱ እናቴን አሳልፌበታለሁ" አለች ፖኮ፣ አሁን ግን ዓይን ዓይኑን እያየች። "ከፈለጉት ራስዎ ከጭንቅላቷ ያውርዱት።"

ሴቶቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። ከሱ እስከ ቴኔ ያለው ጥቂት እርምጃ ነው። አልተራመደም።

ቴኔ ዞራም አላየችው። "ገረድ፣ ምን ያስቆምሻል?" አለች ማንጎ ወደ ፖኮ እየገፋች። "ቀጭን አድርጊው።"