መርማሪው ያዘዘው የሕይወት ታሪክ

ሆሳዕና ከተማ ያሰሩኝ ጽሑፌ አንድ ባለሥልጣን ስላስቀየመ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የሽንት ባልዲው ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ ጥግ የተኙ አንድ ሽማግሌ። የአንጋጫ ገበሬ ናቸው። የሚፈለግ ሰው ቤታቸው አሳድረዋል ተብለው ገብተው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። የእስረኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ከጎናቸው አስተኛኝና እንዳበላቸው አዘዘኝ። "የተማርክ ነህ አሉ፤ እስቲ ትምህርትህ ያጉርሳቸው" አለ።

ሽማግሌ ያለፈውን ሲያወራ ይበረታል ሲባል የሆነ ቦታ አንብቤ ነበርና ስለ ልጅነታቸው ጠየቅኋቸው። ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ጆሮ ጠቢ" አሉኝ።

ብዙም አልተሳሳቱም። በማግስቱ መርማሪው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። የሽማግሌውን የሕይወት ታሪክ ጠይቄ እንድጽፍ፣ ወዳጅ ዘመዳቸውን በስም እንዳልዘነጋ፣ ይህን ካደረግኩ የእኔም ጉዳይ እንደሚቀል ነገረኝ። በዚያ ግቢ የሰው ሕይወት የሚያጓጓው እሱን ብቻ ነበር።

ተመለስኩና መጠየቁን ተውኩ። ስለ ራሴ መዋሸት ጀመርኩ፦ ጓሮዬ እንሰት አለኝ፤ ችግኝ ሳፈላ ሥሩን፣ አምቾውን፣ እንዳለ እቀብረዋለሁ፤ ብዙ ቡቃያ ይወጣዋል።

ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "መሃሉን ሳትፈለፍለው ምን ይበቅልልሃል?" አሉ።

"እኛ ጋ እንዲህ ነው፣ አባባ።"

"እናንተ ጋ ሰው የለማ።"

ተነስተው ተቀመጡ። የት እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል እንደሚፈለፈል፣ አፈርና ፍግ እንዴት እንደሚሞላበት በጣታቸው ሲሚንቶው ላይ እየሳሉ አሳዩኝ። በየመሃሉ ይሰድቡኛል። የቀረበላቸውን ቆጮ እጃቸው ላይ ሳስቀምጥ ሳያዩት ጎረሱ።

ያንኑ ጻፍኩ፤ ሌላ ምንም። ከመስጠቴ በፊት መርማሪው እንዳዘዘኝ ነግሬ አነበብኩላቸው። አንድ መስመር አሳረሙኝና፣ "ሽማግሌው ሌላ ታሪክ የለውም በለው" አሉ።

መርማሪው አንብቦ ቀደደው። የእኔም ቀጠሮ ተራዘመ።

ዘንድሮ አክስቴ በምትኖርበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት ሠራተኛ የነዋሪዎቹን የሕይወት ታሪክ መመዝገብ ጀምራለች። መጫወቱ ያበረታቸዋል አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ደግም ልጅ ናት። እኔ ግን ነገረኛ ነኝና፣ ደብተሩን ማን እንደሚያነበው ጠየቅኋት። ደነገጠች። መጀመሪያ ለባለታሪኮቹ አንብቢላቸው፣ የማይፈልጉትን ይሰርዙ አልኳት።

አክስቴ የመጀመሪያውን ገጽ በሙሉ አሰረዘች። ምን እንደነበረበት አልጠየቅኳትም።