ቅባት ሲለኝ ቅቤ ማለቱ መሆኑን መች አወቅሁ

ይህ ነገር የገጠመኝ ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። እግሬን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እግሬን ደግሞ በቀን ስንቴ እንደማየው አላህ ነው የሚያውቀው፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ሲመረምር ነው የሚውለው።

ትውልዴ ወሎ ነው። መቀሌ ከገባሁ ግን ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጨርቅ ስለምሸጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ታዲያ አንድ አዲስ ጫማ የግራ እግሬን ከአውራ ጣቴ ሥር ላጠኝ። ስኳሩ እግሬን ስላደነዘዘው ምንም አልታወቀኝም። ሳየው ቆስሏል።

ቁስሉ ወር አለፈው፣ ሁለት ወር አለፈው፣ ጭራሽ ጠርዙ መጥቆር ጀመረ። ሐኪሙ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። «በዚህ ከቀጠለ እግርሽ ይቆረጣል። ከዚያ በፊት ግን የምንሞክረው አንድ ነገር አለ» አለኝ።

የሚሞከረው ነገር ዝግ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ ነው። ኦክስጅኑ በግፊት ታምቆ ይገባል፤ ደም ይሸከመውና እስከ ቁስሉ ያደርሰዋል። እኔ በልቤ፣ ኧረ ወዲያ፣ አየር ቁስል ቢያድን የመቀሌ ነፋስ ብቻውን ባዳነኝ ነበር አልኩ። ግን እግር ነውና እሺ አልኩት።

ወሬውን ለኣደይ ለተኪዳን ነገርኳቸው። ኣደይ፣ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን የምንኖር ባልቴት ናቸው። ወልደው ባያሳድጉኝም እናቴ ናቸው፤ ቁስሌን ሲያጥቡልኝ የከረሙትም እሳቸው ናቸው። ሲሰሙ ደነገጡ።

«ነፋስ ሊያስገቡብሽ ነው? በራስሽ ከገባ ማን ያወጣዋል?»

በማግስቱ ልንሄድ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ አስቀመጡኝና ትኩስ ቅቤ አመጡ። ፀጉሬን ፈልቅቀው ፈልቅቀው አናቴ እስኪጠግብ ቀቡኝ። ነፋሱ መግቢያ እንዳያገኝ መድፈናቸው ነው። «ኣጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ» እያሉ። እኔም ሻሼን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

ጠዋት ሳጥኑ ወዳለበት ክሊኒክ በባጃጅ ሄድን። ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለን ክብሮም የሚባል የማሽኑ ባለሙያ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው። ስኳሬን ለካ፣ ቁርስ መብላቴን ጠየቀ፣ ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ቀጠለ።

«ስልክ?»

«የለም።»

«ቀለበት፣ ሐብል?»

«አውልቄያለሁ።»

«ቅባት ተቀብተዋል?»

«ኧረ ምን ቅባት! ወላሂ፣ ዛሬ ከሳሙና በቀር የነካኝ የለም።»

ኣደይም ከጎኔ ሆነው «ምንም አልተቀባች» ብለው መሰከሩልኝ። ውሸት አልነበረም። ለእኛ ቅባት ማለት ከሱቅ የሚገዛው፣ ዕቃው ላይ ቆንጆ ሴት ያለችበት ነው። ቅቤማ ቅቤ ነው!

ከጥጥ የተሠራ ልብስ ሰጡኝ። ለፀጉሬም ነጭ የጥጥ ጨርቅ ስለሰጡኝ መልበሻ ክፍል ገብቼ ራሴው ጠመጠምኩ። ሳጥኑ ወፍራም መስተዋት የሚመስል፣ ወለል አድርጎ የሚያሳይ ረጅም ነገር ነው። አልጋው እየተንሸራተተ ይገባል። ፍርሃቴን ልሸፍን ብዬ «እኛ እስላሞች በሳጥን አንቀበርምኮ!» ስለው ክብሮም ሳቀ።

እየሳቀ አልጋውን መግፋት ጀመረና ቆም አለ። አፍንጫውን ነፋ። ጎንበስ ብሎ ራሴን አሸተተ።

«ይሄ ልኻይ ነው እንዴ?» አለኝ። በትግርኛ የራስ ቅቤ ማለቱ ነው።

«አዎ፣ ለዚያውም ትኩስ» አልኩት በኩራት።

አልጋውን እንዴት መልሶ እንደጎተተው! ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ቅባት ብዬ ጠየቅሁዎት እኮ!»

«ቅቤ መች አልከኝ!»

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳን። በዚያ ሁሉ ኦክስጅን መሐል ቅባት ነገር ካለ፣ ትንሽ ብልጭታ ብትነሣ እሳቱን ማንም አያቆመውም። ለዚህ ነው ልብሱ እንኳ ጥጥ የሆነው። «ዛሬ አይሆንም። ታጥበው ነገ ይምጡ» አለኝ።

ኣደይ «ዋይ ኣነ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። «በገዛ እጄ ላቃጥልሽ ነበር?»

እኔስ ሣቅሁም አለቀስሁም። ሊያድኑኝ ብለው የቀቡኝ ቅቤ ነው ሊያጠፋኝ የነበረው። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ፀጉሬን ሲያጥቡ ዋሉ። አንዱን ሳሙና ጨርሰው ሌላ ጀመሩ። እንባቸው አንገቴ ላይ ሲንጠባጠብ ከውሃው ለየሁት። ጠዋት ከቤት ሳንወጣ ራሴን ደጋግመው አሸተቱና «አሁን ሂጂ» አሉኝ።

ያን ቀን የሳጥኑ በር ተዘጋ። ሽው የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያም ጆሮዬ ድፍን አለ። ክብሮም በማይክሮፎን «ምራቅዎን ይዋጡ፣ ካመመዎት እጅዎን ያንሡ» ይለኛል። ዋጥ ሳደርግ ቷ ብሎ ይከፈታል፣ መልሶ ይደፈናል። ሁኔታው ገባኝ! ወደ ወሎ ስወርድ የግራ ካሕሱ ተራራ ቁልቁለት ላይ ጆሮዬን የሚይዘኝ ይኸው ነው። ተኝቼ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ያንን ተራራ ወረድኩት ማለት ነው።

ትንሽ ሞቀኝ። ከዚያ ጸጥ አለ። አንዳች ነገር ይሰማኛል ብዬ ብጠብቅ ምንም የለም፤ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። እተነፍሳለሁ፣ በቃ። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግን ስስበው የኖርኩት አየር፣ አሁን ሐኪምና ቢላዋ ያቃታቸውን ሊሠራ ወደ እግሬ እየወረደ ነው። ያ አላህ! ሰውነቴን ፍርሃት ሳይሆን ሌላ ነገር ወረረው። እንባዬ መጣ።

ቀና ስል ኣደይ በእግሬ በኩል ቆመዋል። መዳፋቸውን ቁስሌ ትይዩ ሳጥኑ ላይ ለጥፈውታል። ሊነኩኝ አይችሉም፤ ግን አላነሡትም።

በዚህ ዓይነት ከሳምንት እስከ ሳምንት ተመላለስን። አንድ ቀን ነርሷ የቁስሉን ፋሻ ስትፈታ ጮኸች። ደነገጥሁ። ለካ ደም አይታ ነው! ጥቁሩ ሄዶ ቀይ ሥጋ ብቅ ብሏል። ሐኪሙ ተጠርቶ መጣና ብዙ ቆይቶ አየው። «በርቺ፣ ቀጥዪ» ብቻ አለኝ። የመጨረሻውን ቃል የሰማሁት ቁስሉ ሲገጥም ነው። «መቁረጥ ቀርቷል።»

ኣደይ መሬቱን ሳሙ።

አሁን በሁለት እግሬ ቆሜ ጨርቄን እሸጣለሁ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ቀና ብዬ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ጎረቤቶቼ ያበድኩ ሊመስላቸው ይችላል። ወደ ሳጥኑ መሄድ ካቆምኩ ወራት አልፈዋል። ኣደይ ግን ጠዋት ከግቢ ስወጣ አሁንም በሩ ላይ ያስቆሙኛል፣ ራሴን ያሸታሉ፣ ከዚያ ነው ሂጂ የሚሉኝ። አልቋል እኮ ብዬ አንድ ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ራሴ ላይ እንዲደርሱ ጎንበስ እልላቸዋለሁ።