በሐይቁ ውስጥ ያለው ማሳ

በሕይወቴ እምላለሁ፣ የምነግራችሁ አንዲትም ቃል አልተቀባባችም፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም ይቆጨኛል። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነቀምቴ አስተማሪ ነበርኩ። በሻምቡ በኩል ወንዙ ተገድቦ ሐይቅ ከሆነ ገና ብዙ አልቆየም፤ እኔም በዕረፍት ቀኔ ልዝናና ሄድኩ። ጠዋት ሰባት ተራራ ወጥቼ ሰባት ተራራ ወረድኩ። ከዚያ ከሐይቁ ማዶ ካለው ዋርካ ሥር ልጋደም ብዬ፣ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ሽማግሌ በታንኳቸው እንዲያሻግሩኝ ለመንኳቸው።

ሽማግሌው ግን ባዶ ውሃ ላይ ይጠማዘዛሉ።

«ኦቦ ደበላ፣ ምነው ቀጥ ብለው ቢሄዱ?»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ከሥራችን ያለው የጎረቤቴ የጤፍ ማሳ ነው። በሰው ቡቃያ ላይ ይኬዳል እንዴ?»

«ቡቃያውን አሁን የሚያርመው ዓሣ ነው» ብዬ ሳቅሁ። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ሊዞሩ ሲሉ ትዕግሥቴ አለቀና መቅዘፊያውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«እባክህ፣ እዚህስ እንዙር» አሉኝ።

«ዛሬ በአቋራጭ ነው» አልኩና ቀጥ አድርጌ ቀዘፍኩ።

ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው ሟች ሚስታቸውን፣ «ጫልቱ፣ መቃብርሽ መሆኑን አያውቅም» አሏት። «እንግዳ ነው፣ አትቀየሚው።»

ማዶ ስንደርስ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ይቺ የመጨረሻዋ ብቻ ከእኔ የተጨመረች ናት። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወርጄ ዋርካው ሥር ተጋደምኩ።